ከገበሬ ማኅበር እስከ ጠቅላላ ጉባኤ

አርሶ አደሩ በአስተዳደር ጉዳይ ድምፅ ያገኘው እንዴት ነበር?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ ቢያንስ 20 ጋሻ (800 ሄክታር) በሚሸፍን አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። እንደ አቃቂ ባሉ የሸዋ አካባቢዎች ለባለ ርስት ሲሶና እኩል ሲገብር የኖረው ገበሬ ሊቀ መንበሩን መረጠ፤ መሬት አከፋፈለ፤ ፍርድ ሸንጎ ተቀምጦ ዳኘ።

ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ ማኅበሩ የበላይ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ሆነ። ገበሬው የመረጠው ሊቀ መንበር የእህል ኮታ ሰብሳቢ፣ የወጣት መልማይ ሆኖ አረፈው። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በመሠረታዊ ማኅበራችንም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው።

በልማት ሠራተኝነቴ እንደታዘብኩት ግን በስብሰባ ላይ እጅ ይወጣል፤ ጥያቄ የሚበዛው ከተበተነ በኋላ በር ላይ ነው። አባላት ሆይ፣ ሒሳቡን በጉባኤው፣ የመሬትና የካሳውን ጉዳይ በወረዳው መድረክ ጠይቁ። የወረዳ ኃላፊዎችም እዚያው መልስ ስጡ። የመረጥነውን ካልጠየቅነው፣ ነገ የሌላ ትእዛዝ ተሸካሚ ሆኖ ይመጣብናል።

መልካም የምሥረታ በዓል!