የእጅ ደወሎች፤ ነሐስ፣ ቆዳና ብረት

በእንግሊዝ አገር በአብያተ ክርስቲያናት ግንብ ላይ የተሰቀሉትን ታላላቅ ደወሎች በተራ እያፈራረቁ መደወልን የሚማሩ ሰዎች፣ የመንደሩን ጸጥታ ሳያውኩና በግንቡ ብርድ ሳይንገላቱ በቤት ተቀምጠው ይለማመዱ ዘንድ፣ በ17ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ገደማ መሠራት የጀመሩት የእጅ ደወሎች፣ ውለው አድረው ከመለማመጃነት አልፈው ራሳቸውን የቻሉ የዜማ መሣሪያ ለመሆን በቁ። ልሳናቸው፣ እንደ ቅዳሴው ቃጭል ባሻው የሚወዛወዝ ሳይሆን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ እንዲመታ በሞላ የተገታ ስለ ሆነ፣ ደዋዩ ድምፁን በወደደው ቅጽበት ያወጣዋል፤ ደወሉን ከደረቱ ሲያስጠጋም ዝም ያሰኘዋል። እያንዳንዱ ደወል አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ፍጻሜ አያገኝም። አራት ሰዎች ብቻ ባሉበት ማኅበር ግን በያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ደወል መያዝ ግድ ስለሚሆን፣ አንዱን ወደ ፊት ሁለተኛውን ወደ ጎን እንዲመታ አድርጎ አንጓን ማዘዝ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙዎቹ ማኅበር ጥበብ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ይህን ሙያ በአሜሪካ ያስፋፉት የቦስተኗ ወይዘሮ ማርጋሬት ሸርክሊፍ ሲሆኑ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. በለንደን ደወሎች ተበርክተውላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1923 የቢከን ሂል ደዋዮችን መሠረቱ፤ አገር አቀፉም ማኅበር በ1954 ተቋቋመ።

የእጅ ላብ ነሐሱን ስለሚያጠቁረው ደዋዮቹ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ክቡራን ተመልካቾችም ደወሎቹን በባዶ እጅ እንዳይነኳቸው በትሕትና እንለምናለን።