የውጤት ማረጋገጫ ቴክኖሎጂ ለዳኞች የሚሰጠው እገዛ፦ ከአየርላንድ ልምድ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስፖርት የሚወሰድ ትምህርት

በስፖርት ውድድር የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ይሁንና ዳኛው ውሳኔውን የሚያሳልፈው በሰከንድ ክፍልፋይ ባየው ነገር ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ አንዲት ኳስ መስመር አለፈች አላለፈችም የሚለው ጥያቄ የዋንጫን፣ የቡድንን፣ አልፎ ተርፎም የተመልካችን ሰላም የሚወስን ሆኖ ይገኛል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በተለያዩ የስፖርት ዓይነቶች ሥራ ላይ የዋለው የውጤት ማረጋገጫ ቴክኖሎጂ የዚህ ጥያቄ ምላሽ ነው። ቴክኖሎጂው የዳኛውን ሥልጣን የሚተካ ሳይሆን፣ ዓይን ሊደርስበት ያልቻለውን ጉዳይ በመለካት ዳኛውን የሚያግዝ መሣሪያ ነው።

በዚህ ረገድ ትምህርት ከሚወሰድባቸው ልምዶች አንዱ የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታዎች የሆኑት የጌሊክ ስፖርቶች ተሞክሮ ነው። እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ በ1884 በቱርለስ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው አማተሮች ናቸው። ባህላዊ ስፖርትን በዘመናዊ አደረጃጀት ጠብቆ ያቆየ ማኅበር ዘመናዊ መሣሪያን እንዴት እንደተቀበለ መመልከት፣ የራሷ የሆኑ በርካታ የባህል ስፖርቶች ላሏት ኢትዮጵያ ጠቀሜታ አለው።

የነጥብ አያያዙ ባሕርይ

ከጌሊክ ጨዋታዎች ዋና ዋናዎቹ ሃርሊንግና የጌሊክ እግር ኳስ ናቸው። በሁለቱም በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ግቡ በ6.5 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና ከመሬት 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ያሉት ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ስትገባ ጎል ተብሎ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ስታልፍ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። እ.ኤ.አ ከ2025 ወዲህ በጌሊክ እግር ኳስ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ የምታልፍ ኳስ 2 ነጥብ እንድታሰጥ ተደርጓል።

በየግቡ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት የግብ ዳኞች ይመደባሉ። ነጭ ካፖርት የሚለብሱት እነዚህ ዳኞች ነጥብ ሲቆጠር ነጭ፣ ጎል ሲቆጠር አረንጓዴ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ችግሩ የሚፈጠረው ኳሷ ከቋሚዎቹ ጫፍ በላይ ከፍ ብላ ስታልፍ ነው። የሃርሊንግ ኳስ ዙሪያዋን የተሰፋ ቆዳ የለበሰች፣ ከ110 እስከ 120 ግራም የምትመዝን ትንሽ ኳስ ናት። በዱላ ተመትታ በከፍተኛ ፍጥነት ስትበር ከቋሚው ጫፍ በላይ በውስጥ ትለፍ ወይም በውጭ፣ ከሥር ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቴክኖሎጂው እንዴት ይሠራል

“ሆክ አይ” ወይም የጭልፊት ዓይን በመባል የሚታወቀው ሥርዓት በመጀመሪያ እ.ኤ.አ በ2001 ለክሪኬት ጨዋታ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በኋላም በቴኒስ ተስፋፍቷል። በስታዲየሙ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተተከሉ በርካታ ካሜራዎች ኳሷን ከተለያየ አቅጣጫ ይከታተላሉ። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል በማገናዘብ ኳሷ በየቅጽበቱ የነበረችበትን ቦታ በሦስት አቅጣጫ ያሰላል። ቋሚዎቹም ወደ ሰማይ እንደሚቀጥሉ ተደርገው በስሌት ስለሚራዘሙ፣ ኳሷ በውስጥ ወይም በውጭ ማለፏ ይታወቃል። ውጤቱም በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ላይ በአየርላንድ ቋንቋ “ታ” ማለትም ተቆጥሯል፣ ወይም “ኒል” ማለትም አልተቆጠረም በሚሉ ቃላት ለሕዝቡ ይገለጻል።

ማኅበሩ ይህን ሥርዓት በደብሊን ከተማ በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ለሻምፒዮና ውድድር መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ ሰኔ 1 ቀን 2013 ነው። በ2016 ደግሞ በቱርለስ የሚገኘው ሴምፕል ስታዲየም ተጨምሯል። አብዛኞቹ የክለብና የአካባቢ ሜዳዎች ግን አሁንም የሚዳኙት በግብ ዳኞች ዓይንና ባንዲራ ነው።

የሥርዓቱ ጠቀሜታ በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ መስከረም 7 ቀን 2014 በተደረገው የሃርሊንግ ፍጻሜ ነው። ኪልኬኒና ቲፐራሪ በእኩል ነጥብ ላይ ሳሉ የቲፐራሪው ተጫዋች በመጨረሻው ደቂቃ ከሩቅ የመታት ቅጣት ምት ወደ ቴክኖሎጂው ተመራች። ምላሹም ኳሷ ለጥቂት በውጭ ማለፏን አሳየ። ጨዋታው 3 ጎል ከ22 ነጥብ ለ1 ጎል ከ28 ነጥብ፣ ማለትም 31 ለ31 አልቆ ፍጻሜው በድጋሚ እንዲካሄድ ተደረገ፤ በድጋሚው ኪልኬኒ አሸነፈ። የአገሪቱ ትልቁ ዋንጫ በእጅ ርቀት ልዩነት ሲወሰን ተሸናፊው ወገን ውጤቱን በጸጋ መቀበሉ ማስረጃው በሁሉም ፊት የታየ በመሆኑ ነው።

መሣሪያውም ይሳሳታል

የአየርላንድ ተሞክሮ የተሟላ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከስኬቱ ባልተናነሰ ከስህተቶቹ ነው። ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 18 ቀን 2013፣ በሊምሪክና በጎልዌይ የታዳጊዎች የሃርሊንግ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የሊምሪክ ተጫዋች ያገባት ነጥብ “ኒል” ተብላ ተሻረች። በዚያው ስክሪን ላይ የታየው ሥዕል ግን ኳሷ በቋሚዎቹ መካከል ማለፏን ያሳይ ነበር። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አምርቶ ጎልዌይ አሸነፈ፤ ውጤቱም አልተለወጠም። በኋላ እንደተገለጸው የስህተቱ ምንጭ ካሜራው ሳይሆን፣ ሥርዓቱ ለሃርሊንግ መስተካከል ሲገባው በእግር ኳስ መለኪያ ላይ እንዳለ መተዉ ነበር። በዕለቱ በተከተለው የዋናው ቡድኖች ጨዋታ መሣሪያው አገልግሎት እንዳይሰጥ ተደርጓል።

ሁለተኛው ክስተት እ.ኤ.አ ሐምሌ 9 ቀን 2022 በጎልዌይና በደሪ የእግር ኳስ ግማሽ ፍጻሜ የታየው ነው። የጎልዌይ ትክክለኛ ነጥብ በመሣሪያው ተሽራ፣ በእረፍት ሰዓት ስህተቱ ተረጋግጦ ነጥቡ ተመልሷል። በማግስቱ በኬሪና በደብሊን መካከል የተደረገው ሌላው ግማሽ ፍጻሜ ያለመሣሪያው ተካሂዷል።

በእግር ኳስም ተመሳሳይ ችግር ተከስቷል። እ.ኤ.አ ሰኔ 17 ቀን 2020 በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የአስቶን ቪላው ግብ ጠባቂ ኳሷን ይዞ ከመስመሩ ቢያልፍም፣ የካሜራዎቹ እይታ በተጫዋቾችና በቋሚው በመከለሉ ለዳኛው ምልክት አልደረሰውም። ጨዋታው ያለግብ ተጠናቀቀ፤ በዓመቱ መጨረሻም አስቶን ቪላ በአንድ ነጥብ ብልጫ ከሊጉ ከመውረድ ተረፈ። ሼፊልድ ዩናይትድ ላይ የደረሰው በደል የሌሎች ክለቦችንም ዕጣ ነክቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ክስተቶች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያ ከመግዛት ጎን ለጎን ከጨዋታ በፊት የሚፈትሽ ባለሙያ፣ የአሠራር መመሪያ፣ እንዲሁም መሣሪያው ሲሳሳት ወይም ሲቆም ማን ይወስናል ለሚለው ጥያቄ በቅድሚያ የተቀመጠ ምላሽ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያውያን ተሞክሮ

የውጤት ማረጋገጫ ቴክኖሎጂ ለኢትዮጵያ ስፖርት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ በመግባት ወርቁና ብሩ በ0.09 ሰከንድ ተለይተዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት በማያሻማ ሁኔታ ለመመዝገብ ያስቻለው በመጨረሻው መስመር ላይ የሚተከለው የኤሌክትሮኒክ ሰዓትና ካሜራ ነው።

በእግር ኳስም ኢንተርናሽናል ዳኛ ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ ሐምሌ 14 ቀን 2019 በካይሮ የተካሄደውን የሴኔጋልና የቱኒዚያ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ መርተዋል። በተጨማሪው ሰዓት ሴኔጋል 1 ለ0 እየመራች ሳለ ኳስ በእጅ ተነክታለች በሚል ለቱኒዚያ ፍጹም ቅጣት ምት ከሰጡ በኋላ፣ በሜዳው ዳር በተቀመጠው ስክሪን ድርጊቱን ደግመው ተመልክተው ውሳኔያቸውን ሽረዋል። ውሳኔውን ያሳለፉትም የሻሩትም ዳኛው ራሳቸው መሆናቸው፣ ቴክኖሎጂው ረዳት እንጂ ወሳኝ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም ቴክኖሎጂው የሚያስከፍለውን ዋጋ ያውቃል። እ.ኤ.አ ጥር 9 ቀን 2022 በካሜሩን ከኬፕ ቨርዴ ጋር ባደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የመክፈቻ ቀን ጨዋታ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በቪዲዮ ምርመራ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ቡድኑ 1 ለ0 ተሸንፏል። በዚሁ ዓመት ሰኔ ወር ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፈችው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ከተማ መሆኑም አይዘነጋም፤ በወቅቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ባለመኖሩ ነው። ይህም ከካሜራው በፊት ሜዳው እንደሚቀድም ያስገነዝባል።

ከገና ጨዋታ እስከ አሶሳ ሜዳዎች

የሃርሊንግ ቅርብ ዘመድ ሊባል የሚችለው የኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ነው። በሁለቱም ተጫዋቾች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ይመታሉ። በባህላዊው የገና ጨዋታ ሜዳው በመስመር የታጠረ አልነበረም፤ ጌታና ሎሌ በእኩልነት ይጋጠሙበት፣ በጨዋታው መካከል ለሚደርስ ጉዳትም ቂም አይያዝበትም ነበር። ዛሬ ገና ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከቀስት ጋር በወጣ ደንብ ውድድር ከሚካሄድባቸው የባህል ስፖርቶች አንዱ ነው። ባህላዊ ጨዋታ በደንብ ሲመራ የዳኝነቱም ጥራት አብሮ ይጠየቃል።

የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ብሔረሰቦች እንዲሁም የሌሎች ሕዝቦች መኖሪያ የሆነው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዚህ ረገድ ሰፊ ሀብት አለው። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀስት ከአደንና ከአኗኗር ጋር የተሳሰረ ነባር ክህሎት ነው። ቀስት ደግሞ ውጤቱ በዒላማው ላይ ተሰክቶ የሚቀር በመሆኑ፣ በመለኪያና በፎቶግራፍ ብቻ ያለክርክር ሊረጋገጥ የሚችል ስፖርት ነው።

በክልሉ የትክክለኛ ዳኝነት ጉዳይ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም አለው። በተለይ በመተከልና በካማሺ ዞኖች ካለፉት ዓመታት ግጭቶች በኋላ የተለያየ ቋንቋና ባህል ያላቸውን ወጣቶች በአንድ ሜዳ ከሚያገናኙ አጋጣሚዎች አንዱ ስፖርት ነው። በእንዲህ ያለ መድረክ የምትሻር አንዲት ትክክለኛ ግብ ወይም የምትጸድቅ አንዲት የተሳሳተች ግብ ቡድንን ብቻ ሳይሆን ደጋፊን ታስቆጣለች፤ አድልዎ ተፈጽሟል የሚል ጥርጣሬም ትፈጥራለች። ውሳኔው በማስረጃ ሲደገፍ ግን ዳኛው ከጥርጣሬ፣ ውድድሩም ከሁከት ይጠበቃል።

በአቅም ልክ የሚወሰዱ እርምጃዎች

እንደ ሆክ አይ ያለ ሥርዓት ቋሚ የካሜራ ተከላ፣ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ይጠይቃል። በዞንና በወረዳ ደረጃ ለሚካሄዱ ውድድሮች ይህን ማሰብ ከአቅም ጋር የማይመጣጠን ይሆናል። ይሁን እንጂ በአነስተኛ ወጪ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት አሉ።

የመጀመሪያው የሜዳ ዝግጅት ነው። በጉልህ የተሰመረ የጎል መስመርና ቀዳዳ የሌለው መረብ ኳሷ ገባች አልገባችም የሚለውን ክርክር በአብዛኛው ያስቀራል። መረቡ ራሱ ጥንታዊ የውጤት ማረጋገጫ መሣሪያ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው። አየርላንዳውያን ከመቶ ዓመት በላይ የተገለገሉባቸውና ዛሬም ያልተዉአቸው የግብ ዳኞች ናቸው። በየግቡ አጠገብ ሥራቸው ይህንኑ መመልከት ብቻ የሆነ የሠለጠኑ ዳኞችን መመደብ የውድድሩ ደንብ እስከፈቀደ ድረስ በተለይ ለባህል ስፖርቶች አመቺ ነው።

ሦስተኛው በጥቂት ካሜራዎች መጠቀም ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለሙሉ የቪዲዮ ዳኝነት አቅም ለሌላቸው ውድድሮች የእግር ኳስ ቪዲዮ ድጋፍ የተሰኘ ቀለል ያለ አሠራር እ.ኤ.አ በ2024 በኮሎምቢያ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ሞክሯል። በዚህ አሠራር የተለየ የቪዲዮ ዳኛ አይመደብም፤ አሠልጣኙ በጨዋታ ሁለት ጊዜ ውሳኔ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። የሜዳው ዳኛ ራሱ ስክሪኑን ተመልክቶ ይወስናል።

አራተኛው የደንብ ዝግጅት ነው። ቀረጻ በውሳኔ ጊዜ የሚያገለግል ከሆነ በየትኞቹ ጉዳዮች ላይ፣ በማን ጥያቄ፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚታይ ከውድድሩ በፊት ሁሉም ቡድኖች ሊያውቁት ይገባል። ለውሳኔ የማይውል ቀረጻም ቢሆን ለዳኞች ሥልጠናና ለአፈጻጸም ግምገማ ይጠቅማል።

በአጠቃላይ የአየርላንድ ልምድ የሚያሳየው ቴክኖሎጂ ተአማኒነትን የሚያገኘው በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን፣ ስህተት ሲፈጠር በግልጽ ታርሞ ለሕዝብ ሲነገር መሆኑን ነው። በአሶሳም ሆነ በሌሎች የክልሉ ከተሞች ውድድሮችን የሚያዘጋጁ አካላት ሜዳውን፣ ዳኛውንና ደንቡን አስቀድመው ካሟሉ፣ ካሜራው በሚገኝበት ጊዜ የሚያርፍበት ጽኑ መሠረት ይኖረዋል።