የቶጎላንድ ዘመቻ

የቶጎላንድ ዘመቻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ብሪታንያና ፈረንሣይ በምዕራብ አፍሪካ የነበረችውን የጀርመን ቅኝ ግዛት ቶጎላንድን ለመያዝ ያካሄዱት ወታደራዊ ዘመቻ ነው። ዘመቻው ከሐምሌ 30 ቀን እስከ ነሐሴ 20 ቀን 1906 ዓ.ም. (ከኦገስት 6 እስከ 26 ቀን 1914 እ.ኤ.አ.) ድረስ ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየ። በአውሮፓ ከተካሄዱት ታላላቅ ውጊያዎች ጋር በአንድ ወቅት ስለዋለ በታሪክ መጻሕፍት ብዙም አይወሳም።

መነሻ

ቶጎላንድ በምዕራብ ከብሪታንያ ጎልድ ኮስት (የአሁኗ ጋና)፣ በምሥራቅ ከፈረንሣይ ዳሆሚ (የአሁኗ ቤኒን) ጋር ትዋሰን ነበር። ጀርመን በግዛቲቱ መደበኛ ሠራዊት አልነበራትም፤ ጸጥታ የሚያስከብረው በአብዛኛው አፍሪካውያን ያሉበት የፖሊስ ኃይል ነበር። ገዢው በወቅቱ በሥፍራው ስላልነበረ፣ ተጠባባቂው ሻለቃ ሃንስ ጌኦርግ ፎን ዶሪንግ ግዛቲቱ ገለልተኛ እንድትሆን ለጎረቤቶቹ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም።

የካሚና ጣቢያ

የዘመቻው ዋና ዒላማ በአታክፓሜ ከተማ አቅራቢያ የተሠራው የካሚና የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው በርሊን አጠገብ ካለው የናወን ጣቢያ ጋር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ በቀጥታ ይገናኝ ነበር። ከዚያም መልእክቶችን በአፍሪካ ላሉ ሌሎች የጀርመን ግዛቶችና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ለነበሩ መርከቦች ያስተላልፍ ነበር። ብሪታንያ ጦርነቱ እንደተጀመረ የጀርመንን የባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመዶች ስለቆረጠች፣ የካሚና አስፈላጊነት ይበልጥ ጨመረ።

የዘመቻው ሂደት

ጀርመኖች የባሕር ዳርቻውን ለቅቀው ጣቢያውን ለመከላከል ወደ ካሚና አፈገፈጉ። ዋና ከተማዋ ሎሜ ያለ ውጊያ ተያዘች። በዚሁ ጊዜ የጎልድ ኮስት ሬጅመንት ወታደር የነበረው አልሐጂ ግሩንሺ በዚህ ጦርነት ከብሪታንያ ወገን ወታደሮች የመጀመሪያውን ጥይት እንደተኮሰ ይነገርለታል። በአውሮፓ ምድር የብሪታንያ ጦር መተኮስ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ነሐሴ 16 ቀን ነበር።

በሌተና ኮሎኔል ፍሬደሪክ ብራያንት የሚመራው ጦር ከሎሜ ተነሥቶ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ጭነቱን የተሸከሙት ከወታደሮቹ ቁጥር እጅግ የሚበልጡ አፍሪካውያን ነበሩ። ነሐሴ 9 እና 10 ቀን በአግቤሉቮ በተደረገው ውጊያ ጀርመኖች በባቡር የላኩት ኃይል ከኋላው ተቆርጦ ተሸነፈ።

ከባዱ ውጊያ ነሐሴ 16 ቀን በክራ ወንዝ ላይ ተካሄደ። ጀርመኖች የባቡር ድልድዩን አፍርሰው ከወንዙ ማዶ ምሽግ ቆፍረውና መትረየስ ጠምደው ይጠብቁ ነበር። የብሪታንያና የፈረንሣይ ወታደሮች ጥቃት ቢከፍቱም ምሽጉን ሳይሰብሩ 75 ያህል ሰው ሞተባቸውና ቆሰለባቸው። ያም ሆኖ ጀርመኖች በዚያው ሌሊት ስፍራውን ለቀቁ። ነሐሴ 18 ለ19 አጥቢያ ከካሚና በኩል የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ፤ ጀርመኖች ጣቢያውን በገዛ እጃቸው እያወደሙ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን ፎን ዶሪንግ ያለ ቅድመ ሁኔታ እጁን ሰጠ።

ውጤት

ጀርመን በጦርነቱ ካጣቻቸው ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ቶጎላንድ ሆነች። የካሚና መውደም ጀርመን ከአፍሪካ ግዛቶቿና ከመርከቦቿ ጋር የነበራትን ግንኙነት ክፉኛ ጎዳው።

ለአካባቢው ሕዝብ ግን ዘላቂው ውጤት ድንበሩ ነው። አሸናፊዎቹ ዘመቻው እንዳበቃ ግዛቲቱን በጊዜያዊነት ተከፋፈሏት። በ1911 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ደግሞ በመጀመሪያ በብሪታንያ እጅ የነበረችው ሎሜ ለፈረንሣይ ተሰጠች። በዚህም የኤዌ ሕዝብ በሁለት አስተዳደሮች ሥር ተከፈለ። የብሪታንያው ክፍል በ1948 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ከጎልድ ኮስት ጋር ተቀላቅሎ በ1949 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ጋና አካል ሆነ። የፈረንሣዩ ክፍል ሚያዝያ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. የቶጎ ሪፐብሊክ ተብሎ ነጻነቱን አገኘ። ኤዌዎች ዛሬም በድንበሩ ግራና ቀኝ ይኖራሉ።