ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ስለ መውጣት፤ ከጋልቨስተን እስከ ኒው ኦርሊንስ



ባሕር በሌለው ደጋ ላይ ተቀምጦ ስለ ሀሪኬን የሚናገር የታሪክ መምህር ትንሽ ግራ ሊያጋባ እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እኔን ለዓመታት የያዘኝ ነፋሱ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። አደጋ እንደሚመጣ እየታወቀ ሰው ስለ ምን ከቤቱ አይወጣም? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሀሪኬን የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ሀሪኬን እንደ ምድር መናወጥ በድንገት አይደርስም፤ ቀናት ቆጥሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚሞተው ሰው የሚሞትበት ምክንያት በአብዛኛው የሰዎች ሥራ ነው ማለት ነው፤ የሰዎች ሥራ ከሆነ ደግሞ የእኛ የታሪክ ሰዎች ጉዳይ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቴክሳስ ጠረፍ፣ በአንዲት ጠባብ የአሸዋ ደሴት ላይ የተመሠረተችው ጋልቨስተን በ1900 ወደ 38 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ሀብታም የጥጥ ወደብ ነበረች። ከፍተኛው የከተማዋ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። የመከላከያ ግንብ ይሠራ የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ተነሥቶ ሳይፈጸም ቀርቷል። በ1891 የከተማዋ የአየር ትንበያ ኃላፊ አይዛክ ክላይን በአካባቢው ጋዜጣ ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ ጋልቨስተን በማዕበል ክፉኛ ትጎዳለች ብሎ መፍራት ከንቱ ቅዠት ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ባለሙያው አይፈራም፤ ነጋዴው ስለ ምን ይፍራ?

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን በኩባ የሆነው ነው። በሀቫና በቤሌን ኮሌጅ የሚያስተምሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ከ1870ዎቹ ጀምሮ ደመናና ነፋስ እየመዘገቡ፣ የሀሪኬንን አካሄድ በመተንበይ በዘመናቸው ወደር ያልነበረው ዕውቀት አካብተዋል። በ1900 ኩባ በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። በዋሽንግተን የነበረው የአየር ትንበያ ቢሮ ኃላፊዎች የኩባውያኑን ትንበያ ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ አድርገው ስለ ቆጠሩት፣ በመንግሥት የቴሌግራፍ መስመር እንዳይተላለፍ አሳገዱ። ማዕበሉ ኩባን አቋርጦ ሲያልፍ ዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል አለች፤ ካህናቱ ደግሞ ኃይል እየጨመረ ወደ ምዕራብ እንደሚያመራ አዩ። ካህናቱ ልክ ነበሩ። እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ፤ የጠፋው በዚያ ዘመን አዋቂ ተብሎ ከሚታመን ሰው አፍ ስላልወጣ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ መስከረም 8 ቀን 1900 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ብታሰሉት ጳጉሜን 3 ቀን 1892፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ላይ ይውላል። በእኛ አገር ልጆች በዝናብ ሲታጠቡ በሚውሉበት በዚያው ቀን፣ የጋልቨስተን ልጆችም ጎዳናውን በሞላው ውሃ ውስጥ ይጫወቱ ነበር፤ አዋቂዎቹም ማዕበሉን ለማየት ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ከአንድ ቀን በፊት የማዕበል ማስጠንቀቂያ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፤ ነገር ግን ሀሪኬን የሚለው ቃል ከዋሽንግተን አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኙት ድልድዮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ከዚያ በኋላ መውጣት ብሎ ነገር አልነበረም፤ የቀረው ጠንካራ ቤት መፈለግ ብቻ ነው። ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች የክላይን ቤት በጥንቃቄ የተሠራ ነው ብለው እዚያ ተጠለሉ። ቤቱ ሲፈርስ አብዛኞቹ አለቁ፤ የገዛ ሚስቱም ከሟቾቹ መካከል ነበረች። በዚያች ሌሊት ከ6 ሺሕ እስከ 8 ሺሕ ሰው፣ አንዳንዶች እንደሚገምቱት ከዚያም በላይ አለቀ። በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈ የተፈጥሮ አደጋ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የትንበያ ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ሬዲዮ ያላቸው መርከቦች፣ ማዕበሉን ሰንጥቀው የሚገቡ አውሮፕላኖች፣ ሳተላይቶችና ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ መጡ። በመቶ ዓመት ውስጥ የዕውቀቱ ችግር በአመዛኙ ተፈታ ማለት ይቻላል። የሰውስ?

ኒው ኦርሊንስ መልሱን የሰጠችው በ2005 ነው። እዚያ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በሐምሌ 2004 የፌዴራልና የሉዊዚያና ባለሥልጣናት "ፓም" የሚል ስም በሰጡት ምናባዊ ሀሪኬን ላይ ልምምድ አድርገው፣ ከተማዋ በውሃ ብትዋጥ 60 ሺሕ ሰው ሊያልቅ እንደሚችል ገምተዋል። ካትሪና ከመድረሷ ከሁለት ቀናት በላይ ቀደም ብሎ ትንበያው ወደ ከተማዋ አመልክቷል። ቅዳሜ ነሐሴ 27 ከሰዓት በኋላ በአውራ ጎዳናዎቹ ሁለቱም አቅጣጫዎች መውጫ ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። ከንቲባው የግዴታ መውጫ ትእዛዝ የሰጡት ግን እሑድ ጠዋት ነው፤ ማዕበሉ ሰኞ ማለዳ ደረሰ።

ይህ አወጣጥ በአንድ በኩል ታላቅ ስኬት ነበር። ከአካባቢው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጣ። ዕቅዱ ግን ሰው ሁሉ መኪና እንዳለው አድርጎ የታሰበ ነው። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከከተማዋ አራት ቤተሰቦች ከአንዱ በላይ መኪና አልነበረውም። ሌላም ቀላል የሚመስል ነገር አለ። ካትሪና የመጣችው በወር መጨረሻ ነው። ብዙው የጡረታና የመንግሥት ድጎማ ክፍያ የሚደርሰው በወሩ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ነሐሴ 28 ቀን በብዙ ድኻ ቤት ለቤንዚንና ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። የወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል በዚህ አዳራሽ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

በ1965 ሀሪኬን ቤትሲ ከተማዋን ስታጥለቀልቅ ብዙ ሰው ከጣሪያው ሥር ወጥቶ መውጫ አጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቤተሰቦች ከጣሪያቸው ሥር መጥረቢያ የማኖር ልማድ አዳበሩ፤ ውሃው ሲመጣ ጣሪያውን ፈልጦ ለመውጣት። እኔ ይህን መጥረቢያ እንደ ታሪክ ሰነድ ነው የማነበው። ባለቤቱ አደጋውን አልናቀም፤ መውጣት እንደማይችል አውቆ በአቅሙ የተዘጋጀ ሰው ነው። "ያልወጡት ትእዛዝ ስላልሰሙ ነው" የሚለው ፍርድ፣ በጊዜው ከአንዳንድ ባለሥልጣናትም አፍ የወጣው፣ በዚህ መጥረቢያ ፊት አይቆምም። በሉዊዚያና ከሞቱት መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ላንሳ። የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ከኒው ኦርሊንስ የወጡትን "ስደተኞች" ሲሏቸው፣ በገዛ አገራችን እንዴት ስደተኛ እንባላለን ብለው ብዙዎች ተቆጡ። በአማርኛችንም "ወጣ"፣ "ለቀቀ"፣ "ተፈናቀለ"፣ "ተሰደደ" የሚሉት ቃላት አንዱ ለሌላው አይተኩም። የሚወጣ ሰው የራሱ ፈቃድ አለው፤ የሚፈናቀለውን ሌላ ኃይል ይነቅለዋል። መኪና ያለው ቤተሰብ ቅዳሜ ዕለት ወጣ፤ በስታዲየሙ ለቀናት ያለ መብራት የታጎረው ግን ተፈናቀለ። ልዩነቱን የፈጠረው ማዕበሉ አይደለም።

መውጣት ራሱ ደግሞ ያለ ዋጋ አይደለም። ካትሪና ካለፈች ከአራት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሀሪኬን ሪታ ወደ ቴክሳስ ስትገሰግስ፣ የኒው ኦርሊንስን ሬሳ በቴሌቪዥን ያየው ሕዝብ በአንድነት ከሂውስተንና ከአካባቢው ነቅሎ ወጣ። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የማያንስ ሰው መንገዱን ሞላው፤ ቤንዚን አለቀ፤ ሙቀቱ በረታ። አረጋውያንን ከመጦሪያ ያወጣ አንድ አውቶቡስ በዳላስ አቅራቢያ ተቃጥሎ 23 ሰዎች አለቁ። ከሪታ ጋር በተያያዘ ከሞቱት የሚበዙት የሞቱት በነፋሱ ሳይሆን በጉዞው ምክንያት ነው።

ኩባን በዚህ ረገድ እንደ ምሳሌ የሚያነሡ አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ በአንድ ማሳሰቢያ። በ1963 ሀሪኬን ፍሎራ ከአንድ ሺሕ በላይ ኩባውያን ከገደለ በኋላ፣ መንግሥት እስከ መንደር የወረደ የሲቪል መከላከያ አደራጀ። በ2004 ኢቫን ሲመጣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ተንቀሳቅሶ አንድም ሰው አልሞተም። የወጣው ሕዝብ አብዛኛው የተጠለለው በዘመድና በጎረቤት ቤት ነው፤ በየሰፈሩ የትኛው ቤት አልጋ የማይለቅ በሽተኛ፣ የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች አስቀድሞ ይታወቃል። ማሳሰቢያዬ ይኸው ዝርዝር ነው። እያንዳንዱን ቤት ለማዳን የሚያውቅ መንግሥት ለሌላም ጉዳይ ያውቀዋል። በቀበሌ መዝገብ ውስጥ ያደገ የእኔ ትውልድ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ቢሆንም ሰው አልሞተም፤ ይህንም መካድ አይቻልም።

ኒው ኦርሊንስ በበኩሏ መኪና የሌላቸውን በአውቶቡስና በባቡር የምታወጣበት ዕቅድ አዘጋጀች። በ2008 ሀሪኬን ጉስታቭ ሲመጣ ወደ 18 ሺሕ ሰው በዚህ መንገድ ወጣ። በ2013 ደግሞ ሕዝቡ አውቶቡስ በሚጠብቅባቸው 17 ቦታዎች ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝሙ የማይዝግ ብረት ሐውልቶች ቆሙ። ቅርጹ አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሣ ሰው ነው፤ ላየው አዲስ አበቤ ታክሲ የሚያስቆም ይመስላል። ዕቅዱ እንዲሠራ ግን ወደ ሦስት ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። በ2021 ሀሪኬን አይዳ በሞቃቱ ባሕረ ሰላጤ ላይ በፍጥነት በርትታ ስትመጣ ከንቲባዋ ለግዴታ መውጫ የሚበቃ ጊዜ የለም አሉ። መኪና ያለው በራሱ ወጣ። አይዳ የደረሰችው ነሐሴ 29፣ ካትሪና በመጣችበት ዕለት፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ከካትሪና በኋላ የተጠናከረው ግንብ ውሃውን ያዘ፤ የከተማዋ መብራት ግን በሙሉ ጠፋ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት በሙቀት የሞቱ አረጋውያን ነበሩ። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ቀናት ከሐውልቶቹ ሥር የከተማው አውቶቡስ አልቆመም።