ከአስፋልቱ ሥር፦ ድሬዳዋ፣ ጎርፍና የሚደረመስ መሬት

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ ሲሆን፣ ሐዲዱን ወደ ደጋው ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ጣቢያው በደቻቱ ዳር በተንጣለለው ደለል ላይ ተተከለ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም፣ በደጋው ሲዘንብ ግን በሰዓታት ውስጥ የሚሞላ ወንዝ ነው። የባቡር ኩባንያው ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የቀየሰው ከዚራም ሆነ ከወንዙ ማዶ ነጋዴዎች ያደመቁት መጋላ የቆሙት ጎርፍ ባመጣው አሸዋና ጠጠር ላይ ነው።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መንገድ የሚደረመሰው በድንገት ቢመስልም፣ ጥፋቱ ከሥር ቀስ በቀስ ሲጠነሰስ የቆየ ነው። የቱቦ መጋጠሚያ ሲላቀቅ ወይም የቦይ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ውሃው ደቃቁን አሸዋ እያጠበ ወደ ቱቦው ያስገባዋል፤ የተፈጠረው ባዶ ቦታ ወደ ላይ እየሰፋ ሄዶ አስፋልቱ ያለ ድጋፍ ይቀራል፣ በመጨረሻም የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን መንገዱ በክብ መልክ ይሰነጠቃል፣ በመጠኑ ይሰምጣል፣ ከዝናብ በኋላም ውሃ ይቋጥራል።

የድሬዳዋን ሁኔታ ይበልጥ የሚያወሳስበው የቤት ፍሳሽ በአብዛኛው የሚጠራቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሽን ይዞ ዝቃጩን በሚያስቀር የተገነባ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑ ነው። ያረጀ ጉድጓድ በአግባቡ ሳይሞላ ቤት ሲሠራበት ለመደርመስ ይጋለጣል፤ ወደ ታች የሚሰርገው ፍሳሽ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃን በናይትሬት ይበክላል።

ስለ መንገድና ስለ ቦይ ብልሽት አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። በንጉሡ ዘመን የከተማ መንገድና ቦይ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ ቀበሌዎች፣ አስተዳደሩን ወደ ነዋሪው ደጅ አቀረቡት። ሆኖም የጎርፍ ማፋሰሻው ከመንገድ ሥራ፣ የቤት ፍሳሹ ደግሞ ከመጠጥ ውሃ አገልግሎት ጋር በሚያያዝበት አሠራር፣ መንገዱ ሲደረመስ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ቱቦው የማን ነው?” የሚለው ይሆናል፤ ለእግረኛው ደኅንነት ሲባል ግን መቅደም ያለበት ቦታውን ማጠርና በምልክት ማስታወቅ ነው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1774 አንድ ጎዳና በጥንት የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ላይ ከተደረመሰባት በኋላ በ1777 የከርሰ ምድር ዋሻዎችን የሚመረምር፣ ካርታ የሚያነሣና የሚያጠናክር አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች፤ በአሸዋ ላይ ለቆመች ከተማም ከመሬት በታች ያለው ሁሉ የሠፈረበት አንድ መዝገብ ከማንኛውም ማሽን በፊት ያስፈልጋታል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠሩ። ግንብ ወንዙን ይገታል፤ ከግንቡ ጀርባ ለሚወርደው የሰፈር ጎርፍ ግን ንጹሕ ቦይና በቂ መውጫ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ውሃው መንገዱን በራሱ ይፈልጋል።

የተደረመሰ መንገድ ጥገናም የውሃውን መሄጃ ከመከተል ይጀምራል። ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ሞልቶ አስፋልት ማልበስ ፍሳሹን ሳያቆም አፉን ብቻ መድፈን ስለሆነ፣ የተሞላው በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይሰምጣል። በማንሆል፣ ማለትም በቱቦው መፈተሻ ጉድጓድ በኩል ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ለቅቆ የሚወጣበትንና የሚጠፋበትን መመልከት፣ እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ቆፍሮ የተሰበረውን ቱቦ መለወጥ፣ ከዚያም የተመረጠ አፈርን በስስ ንጣፍ እያረጠቡ መጠቅጠቅ ይገባል፤ አስፋልቱ የሚለብሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።