ባለ ሸራው መኪና ወደ ዲማ

ዲማን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ በእግሩና በበቅሎ ነበር። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ፣ ጣራው ስለሚገለጥ መኪና ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአጼ ምኒልክ ያመጣት «ሲድሊ»ም ክፍት መኪና ነበረች። ኋላ በደርግ ጊዜ ደግሞ የሶቪየቱ ባለ ሸራ ዋዝ መጣ። ክረምት ዝናብ፣ በጋ አቧራ ያስገባል፤ ባትሪው ቢሞት ግን በማኖቤላ ይነሳል!

ከአዲስ አበባ ወደ ዲማ ለሚነዳው ፈተናው አባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልያዙት ፍሬኑ ይግላል፤ ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ይፈላል። አንድ ጀሪካን ውሃ ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተመረቀው ድልድይ ወንዙን አቀለለ እንጂ ገደሉን አልነካውም።

መካኒኩን ደግሞ አድምጡት፦ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ። ሁሉም ጣሊያንኛ! ጣሊያን በ1933 ተባረረ፤ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ አይግባ ተባለ። እንግዲህ ቀድሞ የገባው እየተጠገነ ይነዳል፤ ባሌስትራ ቀያሪውም ሥራ አይፈታም።