ጭራ አልባዎቹ የኒውዮርክ ላሞች

ግንቦት 24 የዓለም የወተት ቀን ነው። በዚህ ሰበብ የወተት ታሪክ ይነሳ ከተባለ፣ ከሉዊ ፓስተር ይልቅ የኒውዮርኩ የምክር ቤት አባል ማይክል ቱሚ ይቅደም ባይ ነኝ። ፓስተርን የማያውቅ የለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በማንሃተንና በብሩክሊን የነበሩ የውስኪ ፋብሪካዎች አጠገባቸው የላም በረት ነበራቸው። አተላው ትኩስነቱ ሳይበርድ በእንጨት አሸንዳ ወርዶ ላሞቹ ገንዳ ውስጥ ይገባል። በጠባብ ጋጣ የታሰረችው ላም ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል መኖ አታገኝም። ጥርሷ ይበሰብሳል፣ ቆዳዋ ይቆስላል፣ ጭራዋም እየመነመነ ይወድቃል። የምትሰጠው ወተት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ውኃ ውኃ የሚል ነው። እሱን ለማወፈር ጠመኔና ዱቄት ይጨመርበትና በጋሪ ይዞራል፤ ጋሪው ላይ «ንጹሕ የገጠር ወተት» ተብሎ ተጽፏል።

ሮበርት ሃርትሊ የተባለ የበጎ አድራጎት ሰው እ.ኤ.አ. በ1842 ነገሩን በመጽሐፍ አጋልጦ ነበር። ሰሚ የተገኘው ግን ከ16 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1858 የሥዕል ጋዜጣ አሳታሚው ፍራንክ ሌስሊ ሠዓሊዎቹን ወደ በረቶቹ ላከ። ከሥዕሎቹ አንዱ መቆም ያቃታት ላም በጠፍር ተንጠልጥላ ስትታለብ ያሳያል። መጽሐፉ ያላስቆጣውን ሕዝብ ሥዕሉ አስቆጣው።

ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ቱሚ ከአጣሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ለወተት ነጋዴዎቹ ጠበቃ የቆመ እስኪመስል ድረስ የመሰከሩትን ሐኪሞች በጥያቄ አፋጠጣቸው። ሌስሊ እንደጻፈው፣ ባለበረቶቹ ጉብኝቱን ቀድመው ሰምተው ስለነበር በረቱን ጠራርገው፣ የታመሙትን ላሞች አሽሽተው ነው ኮሚቴውን የተቀበሉት። የአብላጫው ሪፖርት ወተቱ ጎጂ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፣ በረቶቹ አየር እንዲያገኙ ይደረግ ብሎ አለፈ። መሐንዲሱ ቻርልስ ሃስዌል ግን አልፈርምም ብሎ የተቃውሞ ሪፖርት ለብቻው አቀረበ። የሌስሊ ጋዜጣም የኮሚቴውን አባላት ጭራ ቆራጣዋን ላም ኖራ ሲቀቡ አድርጎ ሣላቸው። ቱሚ በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ ክሱ አልተሳካለትም።

እስከ ዛሬ የሚያከራክሩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የአተላው ወተት በዓመት 8,000 ሕፃናት ይገድል ነበር የሚለው የዘመኑ ጋዜጦች ቁጥር ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። በረዶ ለሁሉም በማይደርስበት በኒውዮርክ የበጋ ሙቀት ከደህና ላም የታለበ ወተትም ሕፃናትን በተቅማጥ ይጨርስ ነበር፤ የሟቾቹን ወተት ለይቶ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ቱሚ ተገዝቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። ቱሚ በሌሊት ከአንድ የውስኪ ፋብሪካ ባለቤት ቤት ሲገባ ታይቷል ሲል ሌስሊ ጽፏል፤ ጉቦው ግን በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም። ለነገሩ ጉቦም አያስፈልግም። መምጣቱን ቀድሞ ያስወራ አጣሪ የሚያየው የሚያሳዩትን ነው። ስለዚህ ከአብላጫው ይልቅ አልፈርምም ያለውን ሃስዌልን አምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የሕግና የቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የኒውዮርክ ግዛት ወተት መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በ1866 የከተማው የጤና ቦርድ ተቋቋመ። ነጋዴው ናታን ስትራውስ በ1893 በፓስተር ዘዴ የታከመ ወተት ለድሆች በርካሽ ማደል ጀመረ፤ ከተማው ዘዴውን አስገዳጅ ለማድረግ ግን ገና ዓመታት ቀርተውት ነበር።

ወደኛው እንምጣ። የአዲስ አበባ ላም አርቢዎችም የጠላና የአረቄ አተላ ይመግባሉ፤ ከድርቆሽና ከፉርሽካ ጋር እስከሆነ ድረስ እንደ ኒውዮርኩ አይደለም። ያስደነገጠን የኑግ ፋጉሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት የአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ገደብ ውስጥ ያገኘው 9 ብቻ ነው። መርዙ እርጥበት ባገኘው ፋጉሎ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ይመጣል፤ ላሚቱ በልታው ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲኑን አያጠፋውም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ የሚላክ ከሆነ ከወተት ሱቁ በፊት የመኖ መጋዘኑን ቢያይ ይሻላል፣ ያውም ሳያስወራ።